የተማሪ ቤት ደጅም ደጅ ነው

መንገድና ተማሪ ቤት ለአንድ አገር ዕድገት እንደ ሁለት ዐይኖች ናቸው። መንገድ ሰውንና ዕቃን ከስፍራ ወደ ስፍራ ያደርሳል፤ ተማሪ ቤትም ሕፃኑን ካለማወቅ ወደ ማወቅ ያሻግረዋል። ሁለቱም በብዙ ድካምና በብዙ ወጪ የሚገኙ ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን ሊረዳው እንጂ ሊጎዳው አይገባም። ነገር ግን ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ፥ ይኸውም በተማሪ ቤቱ ደጅ፥ ተማሪዎች ከትምህርት በሚለቀቁበት ሰዓት፥ መንገዱ ለተማሪው አስፈሪ የሚሆንበት ጊዜ እየበዛ ሄዷል። ይህም ጉዳይ በትልልቆቹ ከተማዎች ብቻ ሳይሆን በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴም ጭምር ከወዲሁ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የእነዚህ ወረዳዎች ምድር በጉና ተራራ ዙሪያ ካለው ብርዳም ደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ፥ ገደልና ሸንተረር የበዛበት አገር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ሜዳ ውድ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ፥ ጨጨሆን አቋርጦ ወልድያ የሚገባው፥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጎዳና በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በቻይና መንግሥት ርዳታ ተጀምሮ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ፥ ቀድሞ በበቅሎና በእግር ብቻ ይገናኝ የነበረው ሕዝብ ኑሮውን ወደ ጎዳናው እያስጠጋ መጣ። ሱቁም፥ ሻይ ቤቱም፥ የእህል መጋዘኑም፥ መናኸሪያውም ከግራና ከቀኝ ተሰለፉበት። ከዋናው ጎዳና ራቅ ያሉት የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም በየራሳቸው ቅርንጫፍ መንገድ ዳር እንዲሁ ተዘርግተው አደጉ። የታች ጋይንቷ ዓርብ ገበያም ስሟ እንደሚናገረው ከገበያ የተወለደች ከተማ ናት። በእነዚህ ከተማዎች አንዱ ጎዳና ገበያም፥ መናኸሪያም፥ የእህል መጫኛም፥ የልጆች መመላለሻም ሆኖ ያገለግላል። አንድ ጎዳና አራት ሥራ ሲይዝ ደግሞ ለደካማው የሚቀረው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው።

አሁን የመለቀቂያው ሰዓት እንዴት እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል። ደወሉ ከመደወሉ አስቀድሞ ባጃጆች ወደ በሩ ተጠግተው ይቆማሉ፤ ቀድሞ የደረሰው በሩን ይይዛል፤ ኋላ የመጣውም ከጎኑ ተደርቦ ይቆማል። ከደብረ ታቦር ወይም ከወልድያ በኩል የመጣው ካሚዮን በመንገዱ ጠባብነት ምክንያት ለማለፍ ጥሩምባውን ይነፋል። ከገበያ የሚመለሰው ባላገር የተጫኑ አህዮቹን ይነዳል። ቆሎና ቅቅል ድንች የሚሸጡ ሴቶችም ደንበኞቻቸው ተማሪዎች ናቸውና ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። በዚህ መካከል ደወሉ ሲደወል በመቶ የሚቈጠሩ ልጆች እንደ ተለቀቀ ውሃ በአንድ በር ይፈስሳሉ። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ተማሪ ቤት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ የጧቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ፈረቃ ይገባል፤ ስለዚህ ሁለት ጭፍራ በአንድ በር ፊት ለፊት ይገናኛል። ገበያ በትምህርት ቀን በሚውልበት ከተማ ሲሆን ግፊያው ከዚህም የባሰ ነው።

ከዚህ ግርግር የሚመጣው አደጋ በዕድል ወይም በአጋጣሚ ብቻ የሚሳበብ አይደለም፤ ሥራው የታወቀ ነው። ትንሽ ልጅ በቆመው ባጃጅና በቆመው ካሚዮን መካከል ሲወጣ ቁመቱ ከተሽከርካሪው ስለሚያንስ የሚመጣው ሾፌር አያየውም፤ እርሱም የሚመጣውን አያይም። ሁለቱ የሚተያዩት ልጁ መካከለኛው መንገድ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ አንድ ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያልፍ፥ ፍሬኑ ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ ያ 11 ሜትር አልቋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቢሆን ግን በዚያው ሴኮንድ የሚጓዘው ከ6 ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ በአንድ ልጅ ሞትና በአንድ ልጅ ድንጋጤ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አምስትና ስድስት ሜትር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በደጋው አገር ጉም መንገዱን በሚሸፍንበት ወራት፥ ቁልቁለቱም በዝናብ በሚርስበት ጊዜ፥ ይህች ጥቂት ሜትር ይበልጥ ታጥራለች።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህ የአዲስ አበባ በሽታ ነው፤ በጋይንትና በስማዳ ልጆች በእግራቸው ስለሚሄዱ፥ ኦቶሞቢልም ጥቂት ስለ ሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም ሊሉ ይችላሉ። የዚህ ንግግር ግማሹ እውነት ነው። በአዲስ አበባ በብዙ ተማሪ ቤቶች ደጅ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ኦቶሞቢላቸውን በሁለቱም የመንገድ ዳር ደርድረው ስለሚያቆሙ፥ መንገዱ ተዘግቶ አላፊው ሁሉ ይጉላላል። በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ግን የራሱ ኦቶሞቢል ያለው ወላጅ ጥቂት ነው። ከተማሪው እጅግ የሚበልጠው በእግሩ ይሄዳል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣውም በከተማው ቤት ተከራይቶ፥ ስንቁን ከቤተ ሰቡ እየተቀበለ ይማራል።

ነገር ግን ይህ እውነት ጉዳዩን የሚያቀልለው ሳይሆን የሚያከብደው ነው። በተሽከርካሪ የሚሄደው ጥቂት፥ በእግሩ የሚሄደው ብዙ ከሆነ፥ ጥቂቱ የብዙውን መንገድ የሚዘጋበት ምክንያት ከቶ ምንድን ነው? አሥር ባጃጆች ሠላሳ ልጆችን ለመጫን ሲሉ በሩን ቢዘጉት፥ የቀሩት ብዙ መቶ ልጆች የእግራቸውን ዳር ትተው በጎዳናው መካከል ለመሄድ ይገደዳሉ። በእግሩ የሚሄደው ልጅ በአብዛኛው የድኻ ልጅ ነው። ስለዚህ በደጁ ላይ ያለው ሥርዓት ማጣት በሁሉ ላይ እኩል የሚወድቅ ሸክም አይደለም፤ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ በመጣው በባላገሩ ልጅ ላይ ይከብዳል።

ደግሞም ኦቶሞቢል ጥቂት በሆነበት ጊዜ ሥርዓት ማውጣት ቀላል መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አዲስ አበባ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። መንገዱ ከሞላ በኋላ ለእግረኛው ጥቂት ስፍራ ለማስለቀቅ ብዙ ድካም አስፈልጓታል። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም በአንዳንድ የከተማው ጎዳናዎች ተሽከርካሪ የማያልፍበት እሑድ ተጀመረ፤ ሕፃናትም በአስፋልቱ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ታዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ከባድ የጭነት ካሚዮኖች በቀን በከተማው ውስጥ እንዳይዘዋወሩ የሰዓት ገደብ ተደረገባቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ መንገድ በሰዓት ሊከፈል የሚችል ነገር መሆኑ ነው፤ ይህ ሰዓት የካሚዮን፥ ይህ ሰዓት የእግረኛ ነው ሊባል ይችላል። ሁለተኛው፥ ይህን ክፍያ አስቀድሞ ያላደረገ ከተማ ኋላ በብዙ ወጪና በብዙ ክርክር የሚያደርገው መሆኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

በሌላውም ዓለም ያለው ልምድ ይህንኑ ያጸናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞት፥ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ሕፃናትና ወጣቶችም ከበሽታ ሁሉ ይልቅ ዋናው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ እንደ ሆነ አስታውቋል። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የብዙ አገሮች ሚኒስትሮችም እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ስፍራ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተስማምተው መክረዋል። በኢጣልያ ሰሜን የምትገኘው የቦልዛኖ ከተማ በተማሪ ቤቶች ፊት ያለውን መንገድ በመግቢያውና በመውጫው ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ለተሽከርካሪ መዝጋት ከጀመረች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሌሎች የአውሮፓ ከተማዎችም ይህንኑ አርአያ ተከትለዋል።

ይልቁንም የጃፓን ልምድ ለደጋው አገር የሚቀርብ ነው። ጃፓን ኦቶሞቢል የሞላባት አገር ስትሆን፥ በብዙዎቹ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤቶቿ ልጆች የሚሄዱት ዛሬም በእግራቸው ነው። በብዙ ስፍራ የአንድ ሰፈር ልጆች በጧት በአንድ ቦታ ተሰብስበው፥ ትልልቆቹ ከፊትና ከኋላ፥ ትንንሾቹ ከመካከል ሆነው በሰልፍ ይሄዳሉ። በመሻገሪያው ላይ ወላጆችና የሰፈር ሽማግሌዎች ቢጫ ባንዲራ ይዘው ተሽከርካሪውን ያስቆሙላቸዋል። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም በተማሪ ቤቶች ዙሪያ ተሽከርካሪ በተወሰነ ሰዓት እንዳይገባ የሚከለከልበት ክልል ተለይቷል። ጨርቅ በእንጨት ላይ ሰቅሎ በመንገድ ዳር ለመቆም ታላቅ ሀብት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሰፈሩ ሰው የሌላውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ መቍጠሩ ነው። ይህም ልማድ ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ሕዝብ እንግዳ አይደለም።

በእነዚህ ወረዳዎች ይህን ነገር ከሌላው ስፍራ ሁሉ ይልቅ አስቸኳይ የሚያደርገው አንድ ምክንያት አለ። የደጁ ግርግር የሚያስመርር ቢሆንም፥ ከግርግሩ የባሰ ነገር መኖሩን የአካባቢው ሕዝብ በዐይኑ አይቷል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ጋይንት ድረስ ደርሶ ነፋስ መውጫ ለቀናት በጦር ተይዛ ነበር፤ በዚያም ጊዜ በሕዝቡ ላይ፥ ይልቁንም በሴቶች ላይ፥ ታላቅ ግፍ ተፈጸመ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ የክልሉ ሕፃናትም በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከትምህርት ውጭ ሆነው ቆዩ። ደወል ያልተደወለበት፥ ባጃጅ ያልቆመበት፥ ቆሎ ሻጭ ያልተቀመጠችበት ደጅ ጸጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ያ ጸጥታ የሚያስደስት ጸጥታ አይደለም።

ስለዚህ በየትኛውም ከተማ በር የሚያጨናንቅ የተማሪ ብዛት ሲታይ አስቀድሞ ሊመሰገንበት ይገባል፤ ልጆች ወደ ትምህርታቸው መመለሳቸውን የሚያስረዳ ነውና። ይሁን እንጂ ከብዙ ስጋት በኋላ ልጁን ወደ ተማሪ ቤት የሰደደ አባት ልቡ ገና አልተረጋጋም። ሴት ልጇን ከሩቅ ቀበሌ ወደ ከተማ የላከች እናትም በየማታው ወሬ ትጠብቃለች። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንድ ተማሪ ቤት ደጅ አንድ ልጅ ቢገጭ፥ የሚጎዳው ያ ልጅና የእርሱ ቤተ ሰብ ብቻ አይሆንም። ወሬው በገበያ ቀን ወደየቀበሌው ይወርዳል፤ ለመላክ ሲያመነታ የነበረው ወላጅም ልጁን ከብት ጠባቂ አድርጎ ያስቀራል። ከጦርነትና ከግጭት የተረፈችውን የትምህርት ፍላጎት በአንድ የባጃጅ ጎማ ማጥፋት ታላቅ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ጉዳቱ ይህን ያህል ከሆነ፥ ደጁ ያለ ሥርዓት የቆየበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። ርእሰ መምህሩ ሥልጣኔ እስከ አጥሩ ድረስ ነው፤ መንገዱ የእኔ አይደለም ይላል። የትራፊክ ፖሊሱ በቍጥር ጥቂት ስለ ሆነ በመናኸሪያውና በከተማው መግቢያ ላይ ይውላል። ባለ ባጃጁ እንጀራዬን ልፈልግ ነው የመጣሁት ይላል። ወላጁም የእኔ ልጅ በሰላም ይውጣልኝ እንጂ ስለ ሌላው ምን አገባኝ ይላል። እያንዳንዱ የተናገረው ለራሱ ትክክል ይመስለዋል፤ የሁሉም ቃል ሲደመር ግን ደጁ ባለቤት የሌለው ሆኖ ይገኛል። ባለቤት የሌለው ስፍራም ጉልበተኛው የሚገዛው ስፍራ ነው፤ በመንገድ ላይ ደግሞ ጉልበተኛው ምንጊዜም ተሽከርካሪው ነው።

ሕግ የለም ሊባልም አይቻልም። የመንገድ ትራፊክ መቈጣጠሪያ ደንብ ለሾፌሩም ለእግረኛውም ሥርዓት ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀመጥ መንገድ ዳር እንደ ተተከለ ጽሑፉ የደበዘዘ ምልክት ነው። ወደ ሥራ የሚያወርደው ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ ላይ የአገሩን የቆየ ልማድ ማስታወስ ይጠቅማል። በቅሎ የተቀመጠ ሰው፥ ባለ ማዕርግም ቢሆን፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲቃረብ ከቅጽሩ በር ፈንጠር ብሎ ይወርዳል፤ በቅሎውንም ለአሽከሩ ሰጥቶ በእግሩ ወደ ደጀ ሰላሙ ይገባል። ይህን የሚያስጠብቀው የቅጣት ደብተር የያዘ ዘብ አይደለም። ደጁ የተከበረ መሆኑን ትልቁም ትንሹም ስለሚያውቅ፥ በበቅሎ እስከ በሩ ቢደርስ ሰው ሁሉ ስለሚያፍርበት ነው። በበዓል ቀን ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ግፊያ የሚገባውና የሚወጣውም ስለዚህ ነው። የተማሪ ቤት ደጅም ደጅ ነው። የነገው ሐኪም፥ የነገው መምህር፥ የነገው መሐንዲስ የሚወጣበት ደጅ ነውና፥ ለበቅሎ የታወቀው የመውረጃ ስፍራ ለባጃጅም ለካሚዮንም ሊታወቅ ይገባል።

ይህም በሥራ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፥ ተማሪዎች ከመለቀቃቸው ሩብ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከተለቀቁ በኋላ እስከ ሩብ ሰዓት ድረስ፥ ይኸውም ለግማሽ ሰዓት፥ ከበሩ ግራና ቀኝ መቶ መቶ እርምጃ ድረስ ማናቸውም ተሽከርካሪ እንዳይቆም መወሰን ነው። ባጃጁ ከመቶ እርምጃ ወዲያ ተራ ይዞ ይቁም፤ ልጁም መቶ እርምጃ ሄዶ ይሳፈር። ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚጓዝ ልጅ ባለበት አገር መቶ እርምጃ ብዙ ነው የሚል ወላጅ አይገኝም። መንገዱ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲሆን ለዚያች ግማሽ ሰዓት በገመድ ሊዘጋ ይችላል። ዋናው ጎዳና ሲሆን ግን ካሚዮኑ ማለፍ ስላለበት፥ በሁለቱም ወገን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና መሻገሪያ ይደረግለትና በዝግታ ይለፍ።

ሁለተኛ፥ ሁሉም በአንድ ደወል እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ትንንሾቹ ልጆች አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድመው ቢለቀቁ፥ ትልልቆቹም ተከትለው ቢወጡ፥ ግፊያው በግማሽ ይቀንሳል። ፈረቃ ባለበትም የጧቱ ፈረቃ ወጥቶ ሳያልቅ የከሰዓቱ እንዳይገባ፥ ወይም ሁለተኛ በር ካለ መግቢያውና መውጫው እንዲለይ ማድረግ ይቻላል። ይህ ለርእሰ መምህሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አንዲት ሳንቲምም አያስወጣም።

ሦስተኛ፥ ልጆቹ በየመንገዳቸው እንዲመደቡ ማድረግ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት የአንድ ቀበሌ ልጆች በግቢው ውስጥ ተሰብስበው፥ ከላይኛው ክፍል በተመረጠ ጨዋ ተማሪ መሪነት አብረው ቢወጡ፥ በከተማው ውስጥ ከተሽከርካሪ ይጠበቃሉ፤ ከከተማው ከወጡ በኋላም በዱሩና በወንዙ መሻገሪያ ላይ ብቸኛ አይሆኑም። ይህ ይልቁንም ለልጃገረዶቹ ታላቅ መጠበቂያ ነው። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት፥ እድሩም ጭምር፥ በየተራው ሁለት ሁለት ሰው ቢመድብ፥ ባንዲራ ይዞ ለግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው አይጠፋም።

አራተኛ፥ ወደ ፊት የሚሠሩት ተማሪ ቤቶች በራቸው ወደ ዋናው ጎዳና እንዳይከፈት፥ የከተማ ፕላን በሚወጣበትም ጊዜ በበሩ ፊት ሰፊ ባዶ ስፍራ እንዲተው ማድረግ ነው። በጦርነት የተጎዱት ተማሪ ቤቶች በሚታደሱበትም ጊዜ በሩን ማዛወር ከሌላው ሥራ ጋር ተደምሮ የሚከናወን ቀላል ነገር ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲባል ባለ ባጃጁን እንደ ጠላት ማየት አይገባም። ባለ ባጃጁ ብዙ ጊዜ ትናንት ከዚያው ተማሪ ቤት የወጣ፥ ሌላ ሥራ ስላላገኘ በብድር ወይም በኪራይ ተሽከርካሪ ይዞ ቤተ ሰቡን የሚረዳ ወጣት ነው። ወደ በሩ የሚሽቀዳደመውም ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ፥ የዘገየው ባዶውን ስለሚመለስ ነው። የታወቀ መቆሚያ ከተሰጠው፥ ተራውም በራሱ ማኅበር ከተጠበቀለት፥ የዕለት ገቢው አይጎድልበትም፤ ነዳጁንም በግፊያ አያቃጥልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በሽሚያ የተገኘ መንገደኛ በሽሚያ ይጠፋል፤ በተራ የተገኘው ግን ለነገም ይቆያል። ቆሎና ድንች የሚሸጡትም ሴቶች የልጆች እናቶች ናቸውና ከበሩ ይባረሩ ሳይባል፥ ከተሽከርካሪው መንገድ ራቅ ያለ፥ ልጆች ሳይሻገሩ የሚደርሱበት ስፍራ ሊሰጣቸው ይገባል። ሥርዓት የሚጸናው የድኻውን እንጀራ ሳይነካ ሲቀር ነው።

የትራፊክ ፖሊስ በየበሩ ለማቆም አይቻልም የሚለው ምክንያትም በቂ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት ፖሊሱ ቢቆምና ሥርዓቱን ቢያስጀምር፥ የቀረውን ልማድ ይሠራዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በቅሎውን የሚያስወርደው ፖሊስ እንዳልሆነ ሁሉ፥ በተማሪ ቤቱም ደጅ ባጃጁን ከመቶ እርምጃ ወዲያ የሚያስቀረው ውሎ አድሮ የሰው ዐይን ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ መምህሩ፥ ወላጁ፥ ባለ ባጃጁና የቀበሌው ሹም ለግማሽ ሰዓት ቢያብሩ የሚያስቸግር ነገር አይኖርም።

ስለዚህ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች የትምህርት፥ የመንገድና የፖሊስ ሹማምንት ከወላጆችና ከባለ ባጃጆቹ ማኅበራት ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው፥ በየተማሪ ቤቱ ደጅ የመቶውን እርምጃ ወሰን በድንጋይ ቢያስቀቡ፥ ሥራው ዛሬ ሊጀመር የሚችል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ኖራ፥ ጥቂት ገመድና ብዙ ቁም ነገር ብቻ ነው። ከብርዱና ከጉሙ፥ ከገደሉና ከወንዙ ጋር ታግሎ፥ ከጦርነትም ተርፎ ወደ ተማሪ ቤት የደረሰ ልጅ፥ ከቤቱ ደጅ እስከ ተማሪ ቤቱ ደጅ ካለው ረጅም መንገድ ሁሉ ይልቅ የመጨረሻዎቹ መቶ እርምጃዎች የሚያስፈሩት ሊሆኑ አይገባም።